ጣዕምን ስለ መተው፦ የሕንዶች አቻርና የጾም ጥያቄ

ጾመኛ ሰው በጣዕም ደስ ሊሰኝ ይገባዋልን? ወይስ ጾም ማለት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከል ብቻ ሳይሆን ምላስን ከሚያባብለው ነገር ሁሉ መለየት ነው? ይህ ጥያቄ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በየገበታው ዙሪያ ይነሣል፤ በአንድ ወገን፣ እግዚአብሔር ከምድር ያበቀለውን ቅመም በጾም አትብሉ የሚል ቀኖና ከወዴት ተገኘ የሚሉ ምእመናን አሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ፣ ስልጆውና አዋዜው እንዲህ ምራቅ እያስዋጠ ከቀረበ ጾሙ ከፍስኩ በምን ተለየ ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔ ሁለቱንም ወገኖች በአክብሮት ሳደምጥ የኖርሁ ሰው ስሆን፣ ነገሩን ከሥር መሠረቱ እንድመረምረው ያስገደደኝ ግን የራሳችን ማዕድ ሳይሆን፣ ሕንዶች አቻር የሚሉት፣ ጥሬ ማንጎን ወይም ሎሚን ወይም ዝንጅብልን በጨው፣ በበርበሬ፣ በሰናፍጭና በዘይት አሽተው በማሰሮ ውስጥ ዓመት የሚያኖሩት ማባያ ነው። ጣዕምን እንደ ሕንድ ያራቀቀ፣ ጣዕምንም እንደ ሕንድ የፈራ ሕዝብ በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅምና፤ በአንድ ጣራ ሥር እናት ለልጆቿ የዓመት አቻር ስታሽ፣ አያት ደግሞ ነፍሱን ከሥጋ ፍትወት ለማላቀቅ ጨው መቅመስን ሊተው ይችላል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ሥራ አምላክን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን አይጠራጠሩም።

ስለ ነፍስ ከመናገር በፊት የእጅን ሥራ መመልከት ይገባል። በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ በአንድራ ምድር አቫካያ የሚባለው የማንጎ አቻር የሚሠራው ክረምቱ በሰኔ ሳይገባ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ፀሐይ ምድሩን በምትጠብስበት ወራት ነው። ማንጎው ጥሬ፣ ጠንካራና ጎምዛዛ መሆን አለበት፤ ከታጠበ በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳይቀርበት በንጹሕ ጨርቅ አንድ ባንድ ይወለወላል፤ ቀጥሎም በእንጨት ላይ በተተከለ ከባድ ስለት፣ በመካከሉ ያለው ጠንካራ ቅርፊት ከሥጋው ሳይለይ ይቆረጣል፤ ያ ቅርፊት የሌለው ቁራጭ ወራት ሲቆጠሩበት ሟሽሾ ይፈርሳልና። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ተፈልቅቆ ይጣላል፤ በቅርፊቱ ላይ የተለጠፈው ስስ ነጭ ሽፋንም በቢላ ጫፍ ይፋቃል። ከዚያ በኋላ ለአምስት ወይም ለስድስት ስፍር ማንጎ የሰናፍጭ ዱቄት፣ የተፈጨ በርበሬና ጨው አንድ አንድ ስፍር ተሰፍሮ ይደባለቃል፤ ጥቂት አብሽ፣ እንደ ቤቱ ልማድም ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበታል፤ የሰሊጥ ዘይት ይፈስበትና ቁራጩ ሁሉ እስኪለብስ ድረስ በደረቅ እጅ ይታሻል። ማሰሮው ውስጡ የተለበጠ ሸክላ ነው፤ ተሞልቶ አፉ በጨርቅ ይታሰራል። በሦስተኛው ቀን ተከፍቶ ይገላበጣል፤ ጨው ቢያንሰው ይጨመርለታል፤ ማንጎው ውሃውን ለጨው ሰጥቶ ዝቅ ሲል ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ ይሞላለታል። በሰሜን በኩል የሰናፍጭ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና እንስላል መሰሉ ዘር ይገባበታል፤ ማሰሮውም በሰገነት ላይ ፀሐይ እንዲሞቅ ይደረጋል፤ በጉጃራት ደግሞ ማንጎውን ፍቀው ከስኳር ጋር በፀሐይ ብቻ ያበስሉታል። ይህን ሁሉ ዓይነት ብዘረዝር ወረቀቱ አይበቃኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በአንድራ ቤቶች ማሰሮው ከተሞላ በኋላ መደባለቂያው ጎድጓዳ ዕቃ አይታጠብም፤ በዙሪያው ተለጥፎ በቀረው ቅመምና ዘይት ላይ ትኩስ ሩዝ ይገለበጥበታል፣ ቅቤም ጠብ ይደረግበታል፤ እናቲቱም ያንን እያሸች፣ በእጇ እየጠቀለለች፣ ከበዋት ለተቀመጡት ልጆች በየተራ ታጎርሳለች። ጉርሻ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ሲሰማ የሚነገረው የባዕድ ሀገር ወግ አይመስለውም። የማሰሮው አቻር ለመብሰል ሳምንታት ሲፈልግ የዕለቱ ድርሻ የዕቃው ቅሪት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ማባያ ገና ከመነሻው መጠበቅን ይዞ የተወለደ ነው። ቻትኒ የሚሉት ግን የዕለት ነው፤ የድንብላል ቅጠልና ናና፣ ኮኮናት ወይም ሁመር ከቃሪያ ጋር ጠዋት ተወቅጦ በዚያው ቀን ይበላል፤ እርሱ ከዛሬ አያልፍምና ስለ ነገም የሚያስጨንቀው ነገር የለም። ከነፍስ ጋር ክርክር የሚገጥመው ለነገ የሚቀመጠው ነው።

አቻር ለምን አይበላሽም? ጨው የፍሬውን ውሃ ስቦ ያወጣል፤ ሙስናን የሚያመጡት ጥቃቅን ሕያዋንም ውሃ ካላገኙ መራባት አይችሉም። የጥሬው ማንጎ ኮምጣጣነት ከእነዚህ ብዙዎቹን ያግዳል፤ የሰናፍጭ ማቃጠል እርሱም በበኩሉ ለእነርሱ መርዝ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ከላይ ተንሳፍፎ ሻጋታን የሚያሳድገውን አየር ይከለክላል። እንግዲህ ይህንን መብል ከመበስበስ ያዳነው ጣዕም አልባነቱ ሳይሆን የጣዕሙ ብርታት ነው። የኦሪት ሕግ ለመሥዋዕት የሚቀርበው ቍርባን ሁሉ በጨው እንዲቀመም ሲያዝ፣ እርሾና ማር ግን በእሳት ከሚቃጠለው መሥዋዕት እንዲርቁ የከለከለበትን ምክንያት ሊቃውንት በብዙ መንገድ ተርጕመውታል፤ ለእኔ የሚታየኝ፣ ጨው ሙስናን የሚቃወም በመሆኑ ለማያልፍ ኪዳን ምልክት ሊሆን መመረጡ ነው። ስለዚህ የጣዕም ብርታት ሁሉ የሥጋ ወገን ነው፣ ልስላሴና አልጫነት ሁሉ ደግሞ የመንፈስ ወገን ነው ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም።

ይሁን እንጂ የሕንድ ጠቢባን በዚህ ላይ የተናገሩት ቀላል አይደለም። የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታ በ17ኛው ምዕራፍ ምግብን ከሦስት ጠባይዕ ጋር ያዛምዳል፤ ዕድሜን፣ ጤናንና ደስታን የሚያበዛው ለስላሳ መብል በጎ ጠባይ ላለው ሰው የተወደደ ነው፤ መራራው፣ ጎምዛዛው፣ ጨዋማው፣ እጅግ ትኩሱና የሚያቃጥለው ደግሞ ስሜቱ ለሚነድ ሰው፤ ያደረውና ጣዕሙ የጠፋው በጨለማ ጠባይ ለተያዘ ሰው። አቻርን በዚህ ሚዛን ላይ ያስቀመጠ ሰው ጎምዛዛም፣ ጨዋማም፣ የሚያቃጥልም ሆኖ ያገኘዋል፤ ያውም ዓመት ያደረ ነው። ጥንታዊው የሂንዱዎች የማኑ ሕግም ለመንፈሳዊ ትምህርት የተሰጠ ወጣት ከማር፣ ከሥጋና ከሽቱ ጋር የኮመጠጠውንም ነገር እንዲተው ያዝዘዋል። የጄይን ሃይማኖት ተከታዮች በተለይም እርጥበት ያለበትን አቻር አይቀርቡም፤ ምክንያታቸው ግን ከጣዕም ይልቅ በውስጡ ሊራቡ በሚችሉት ጥቃቅን ሕያዋን ላይ እንዳይበድሉ ነው፤ ደግሞም በዓመት ሁለት ጊዜ ለዘጠኝ ዘጠኝ ቀን በሚጠብቁት ሥርዓት ዘይት፣ ወተት፣ ስኳርና ቅመም የሌለበትን ቅቅል በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀምሱ አሉ። ይህን ሳስብ የገዳሞቻችን አባቶች ቋርፍ በዓይነ ልቡናዬ ይመጣል፤ እንዲህ ያለውን ተጋድሎ ማቃለል የሚችል ሰው ስለ ነፍስ ምንም ያልገባው ነው።

ነገር ግን ጊታውን ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። መጽሐፉ የሚናገረው ማን ምን እንደሚወድ ነው፤ ማንም ማንን ምን እንዲከለክል አያዝዝም። ሰው የልቡን ዝንባሌ በገዛ ገበታው ላይ እንዲመረምር መስታወት ይሰጠዋል እንጂ በጎረቤቱ ማሰሮ ላይ ዳኛ አድርጎ አይሾመውም። በምሥራቅ ሕንድ በፑሪ ከተማ ባለው በጃጋናት መቅደስ የሚቀርበው መብል ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገቡም፤ ከባሕር ማዶ የመጡት ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያም እንደዚሁ አይገቡም። ቃሪያና በርበሬ ፖርቱጋሎች በ1498 እ.ኤ.አ. በቫስኮ ዳ ጋማ መሪነት ካሊከት ከደረሱ በኋላ ከአሜሪካ ምድር ተጉዘው ሕንድ የገቡ ናቸውና። (የእኛም በርበሬ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የተነሣ መሆኑን የማያውቅ ብዙ ነው፤ ከአባቶቻችን አባቶች ጋር የተፈጠረ ይመስለናል።) መቅደሱ ለራሱ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሠራ፤ ከመቅደሱ ደጃፍ ውጭ ያለው ሕዝብ ግን በየቤቱ አቻሩን በበርበሬ ማሸቱን አልተወም፤ መቅደሱም ይህን እንደ ድፍረት አልቆጠረበትም።

ጣዕምን ስለ መተው ከተናገሩት ሕንዳውያን ሁሉ በዘመናችን ስሙ የገነነው ማኅተማ ጋንዲ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ለሕግ ትምህርት ወደ ለንደን ሲሄድ ሥጋ እንዳይበላ ለእናቱ ተስሎ ነበር፤ በእንግሊዝ ሀገር የሚቀርብለት ቅቅል አትክልት አልጫ ሆኖበት ሲቸገር፣ ከሀገር ቤት የመጣለት ጣፋጭና ቅመም ነበረው። በኋላ ግን አሳቡ ተለውጦ ያንን ከቤት የመጣለትን ስንቅ መብላት ተወ፤ ያን ጊዜ ያንገፈገፈው ቅቅልም ጣመው፤ ከዚህም የጣዕም መቀመጫ ምላስ ሳይሆን አእምሮ መሆኑን ተማረ። ከዓመታት በኋላ በአሕመዳባድ አጠገብ በመሠረተው አሽራም በሚባል የመንፈሳዊ ማኅበር መኖሪያ፣ እውነት መናገርንና አለመግደልን ከመሰሉት ስእለቶች ጋር ምላስን መግዛት ራሱን የቻለ ስእለት ሆኖ ተቈጠረ፤ መብል እንደ መድኃኒት ለሰውነት በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይወሰድ፣ ለማጣፈጥ ብሎ ቅመም መጨመርም ስእለቱን ማፍረስ ነው የሚል ነበር። እርሱ ራሱ ይበላው የነበረው ቻትኒ ከኒም ቅጠል የተወቀጠ ነው፤ የኒምን ምሬት የሚያውቅ ሰው ያ ማባያ ለምን እንደ ተመረጠ ያስተውላል።

እዚህ ላይ የባለቤቱን የወይዘሮ ካስቱርባን ነገር ማንሣት ግድ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሳሉ ወይዘሮ ካስቱርባ ብርቱ የደም መፍሰስ ሕመም አገኛቸው፤ ጋንዲም ጨውና ጥራጥሬ ቢተዉ እንደሚሻላቸው ነገራቸው። እርሳቸው ግን አንተም ብትሆን ተው ብትባል አትተወውም ብለው መለሱለት። እርሱም ሐኪም ሳያዝዘው፣ አንቺ ብትተዪም ባትተዪም እኔ ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ትቼዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። እርሳቸው ደንግጠው ቃሉን እንዲመልስ ቢለምኑት እንቢ አለ፤ በመጨረሻም እርሳቸውም ተዉ፣ ከሕመማቸውም ተሻላቸው። ጋንዲ ይህን በሕይወት ታሪኩ ሲጽፈው ከጣፋጭ ትዝታዎቹ እንደ አንዱ አድርጎ ነው፤ እኔ ግን ያነበብሁት በሁለት ልብ ነው። አንደኛው ልቤ፣ ሌላውን ከመገሠጽ በፊት ሸክሙን በራሱ ትከሻ ላይ ማንሣቱን ያደንቃል፤ ሌሎች ብዙ ባሎች ትእዛዝ ብቻ ይሰጡ ነበርና። ሁለተኛው ልቤ ግን ወይዘሮ ካስቱርባ በዚያች ሰዓት በእውነት ነጻ ሆነው መረጡን ብሎ ይጠይቃል፤ የምትወጂው ሰው ስለ አንቺ ሲል ጨው ካልቀመሰ፣ አንቺ ጨው እየቀመስሽ እንዴት ትቀመጫለሽ? ፍቅርም እንደ ሥልጣን ሊያስገድድ ይችላል፤ እንዲያውም በእርሱ ላይ ይግባኝ ማለት የለም።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በመጋቢት 12 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. ከአሽራሙ ተነሥቶ፣ 78 ተከታዮቹን ይዞ፣ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ በሚያዝያ 6 ቀን በዳንዲ ባሕር ዳር ጎንበስ ብሎ ጨው ያነሣው። የእንግሊዝ መንግሥት ጨው ማምረትና መሸጥን ለራሱ ይዞ ቀረጥ ጥሎበት ነበር፤ ሕንዳዊ በገዛ ባሕሩ ዳር የደረቀውን ጨው ቢሰበስብ ወንጀለኛ ይባል ነበር። በዚህ ቀረጥ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው፣ በሐሩር ፀሐይ ሲቆፍር ውሎ ላቡን በጨው የሚተካው፣ ከሩዙ ወይም ከቂጣው ጋር ከጥቂት አቻርና ከአንድ ቃሪያ በቀር ምንም የማያገኘው ድሀ ነበር። ስለ ራሱ ጨው የተወ ሰው ስለ ሌላው ጨው ወኅኒ ወረደ! የዚህ ሰው ሕይወት ብዙ ምሥጢር አለበት፤ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ይህ ነው። ለእርሱ ጨው ሊያሸንፈው የሚገባ ፍትወት ነበረ፤ ለቆፋሪው ግን መብት ነበረ፤ ሁለቱም በአንድ ቁንጥር ጨው ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ፤ የሚለያያቸውም ጨው የሌለበትን ገበታ ማን እንደ መረጠው ነው።

ድሀው ቆፋሪ በአቻሩ ደስ ሲለው ሆዳም ነው የሚል መናኒ ካለ፣ እኔ የእርሱን ምነና እጠራጠራለሁ። ደረቅ ሩዝ ብቻውን አልዋጥ ሲለው አንዲት የማንጎ ቁራጭ፣ ጫፏ ብቻ እየተነከሰች፣ ሙሉ ሳህን ታወርድለታለች፤ አቻር በብዛት የማይበላ መሆኑ ራሱ ለድሀ የተሠራ መሆኑን ይመሰክራል። ተድላ ማለት ይህ ከሆነ እግዚአብሔር ለጉስቁልና ያዘጋጀው ምሕረት ምን ሊባል ነው?

ሳይመርጡ መጾም ግን በሕንድ ድሀን ብቻ ያገኘ አይደለም። በቤንጋል ባል የሞተባት የከፍተኛ ወገን ሴት፣ ሕፃን ሳለች ተድራ ገና በልጅነቷ እንኳ ቢሆን፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ምስር ይከለከሉባት ነበር፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሚውለው ኤካዳሺ በሚባለው የጾም ቀንም ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ትውላለች። በ1856 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ባል የሞተባት ሴት እንደገና እንድታገባ ፈቀደ፤ የወጥ ቤቱ ሕግ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። ሰበቡ፣ የሚያሞቅ ምግብ በባልቴቲቱ ሥጋ ውስጥ ፍትወትን ያነሣሣል የሚል ነው። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ግን ዓሣውን እየበላ እንደገና ያገባል። እነዚያ ሴቶች በተፈቀደላቸው ጥቂት ነገር፣ በቅጠላ ቅጠል፣ በልጣጭና በግንድ፣ እጅግ የሚደነቅ ማዕድ እንደ ፈጠሩ የቤንጋል ሰዎች ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ይህ የእጃቸውን ብልሃት ያስከብራል እንጂ የከለከላቸውን ሕግ አያጸድቅም።

ከአቻር ማሰሮ ጋር ደግሞ ሌላ ክልከላ አብሮ ኖሯል፤ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አቻሩን ብትነካው ይበላሻል የሚለው እምነት ነው። በብዙ የሕንድ ቤቶች ያንኑ ማንጎ የቆረጠችው፣ ያንኑ ሰናፍጭ የፈጨችው ሴት በእነዚያ ቀኖች ወደ ማሰሮው እንዳትቀርብ ይነገራታል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በሕንድ ሴቶች አቻሩን ያለ ፍርሃት እንዲነኩ የሚጠራ ዘመቻ በማስታወቂያ እስከ መውጣት የደረሰው ልማዱ እስከ ዛሬ በመዝለቁ ነው። ማሰሮውን የሚያሻግተው ግን እርጥብ ማንኪያ ነው፤ የጨው ማነስና የዘይት መጉደል ነው። ውሃ ያልነካው የሴት እጅ በየትኛውም ቀን ደረቅ እጅ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ከኦሪት የወረደ የንጽሕና ሥርዓት አለ፤ ስለ ቤተ መቅደስ ሥርዓት መናገር የሊቃውንት እንጂ የእኔ ድርሻ አይደለም። የወጥ ቤት ማሰሮ ግን ታቦት አይደለም። ደም ሲፈስሳት አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችው ሴት የጌታን ልብስ ጫፍ በነካች ጊዜ እርሱ አልረከሰም፤ እርሷ ተፈወሰች እንጂ። ይህን የሚያነብ ክርስቲያን የማንጎ ቁራጭ ከክርስቶስ ልብስ ይልቅ የሚፈራ ነው ብሎ ሊያስተምር አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ፣ ቤተ ክርስቲያንም እኮ ጾምን በአዋጅ ትደነግጋለች፣ ታዲያ ይህስ በሌላው ላይ መጫን አይደለምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄው የተገባ ነው። የአዋጅ ጾም በጳጳሱና በገበሬው፣ በባልና በሚስት ላይ እኩል የሚወርድ ነው፤ ሕሙምን ያሳርፋል፤ የሚያዝዘውም ከሚታዘዘው ጋር አብሮ ይራባል። ጌታ ጸሐፍትንና ፈሪሳውያንን የገሠጸው ከባዱን ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ላይ ሲጭኑ እነርሱ ግን በጣታቸው እንኳ ሊነኩት ስላልወደዱ ነው፤ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር የበደልን እስራት መፍታትንና እንጀራን ለተራበ መቁረስን ነው ያስቀደመው። ከአዋጁ በላይ ያለው ተጋድሎ፣ ይኸውም የተፈቀደውን ቅመም እንኳ መተው፣ ለራስ ብቻ የሚታወጅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያስጠነቀቀው ይህንን ዓይነቱን ክርክር አስቀድሞ አይቶ ይመስለኛል። የቤቱ ጌታ ትሩፋት ሊሠራ ወድዶ፣ ምግብ አብሳይዋ ከነልጆቿ አልጫ እንድትበላ ካደረገ፣ የጾመችው እርሷ ናት፤ ዋጋውን ግን እርሱ ሊቀበል ይጠብቃል።

በሕንድ ስለ ጾምና ስለ አቻር ስናገር የእኛን እኅት ቤተ ክርስቲያን መዝለል አልችልም። በኬራላ ምድር ያሉት የማላንካራ ኦርቶዶክሳውያን ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓ.ም. ወንጌልን ወደ ምድራቸው እንዳመጣ የሚተርኩ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቃውያን ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ ካቶሊኮሳቸው ከእኛ አባቶች ጋር የተቀመጡ ወንድሞቻችን ናቸው። እንደ እኛ የነነዌን ሦስት ቀን ይጾማሉ፤ ዐቢይ ጾማቸውን የሐምሳ ቀን ጾም ይሉታል፤ ሥጋና ዓሣ በማይቀርብበት በዚያ ወራት ከሩዝ ጋር የሚቀርበው ማባያ ብዙ ጊዜ ገና በጨቅላነታቸው ተለቅመው ከነልጣጫቸው በጨው የተኮማተሩ፣ በበርበሬና በሰናፍጭም የታሹ ትንንሽ ማንጎዎች ናቸው። እነዚህን የሚያኖሩበት ማሰሮ ከላይ ቡናማ ከታች ነጭ ልባጥ ያለው ሲሆን ባራኒ ይሉታል። በዕለተ ስቅለት ምእመናኑ ረጅሙን ጸሎት ቆመው፣ ሰግደው ከፈጸሙ በኋላ፣ ለጌታ የቀረበለትን ሐሞትና ሆምጣጤ በማሰብ የመረረ መጠጥ ይቀምሳሉ። ከዚያም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተቀምጠው በውሃ የቀጠነ የሩዝ ገንፎ ከቅቅል ማሾ ጋር ይበላሉ፤ ከጎኑም የማንጎ አቻር ይቀርባል። የነዚያ አባቶች ሥርዓት መራራውን ለሁሉ አድርጎ፣ አቻሩን ግን ለወደደው ሰው ማስቀረቱን አስተውያለሁ፤ በገንፎው ላይ ብዙ የሚጨምርም፣ ጭራሹን የማይነካውም በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጎረቤቱ ምን ያህል እንደ ወሰደ የሚቈጥር የለም።